የቤት ብድር፣ የጓዳ ወጪና የጓሮ ዶሮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የቤት ዕዳ እየከፈሉ ጥቂት ዶሮ ከሚያረቡ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ዋጋ የጠቀስነው ለስሌት ያህል ነው፤ በየሰፈራችሁ ባለው ዋጋ ተኩት።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ከግብርና ከጡረታ በኋላ እጃችን የሚገባው 34,000 ብር ነው፤ የቤቱ ብድር በወር 9,200 ብር ይቆረጣል። በወረቀት ሲታይ ይበቃል። ነገር ግን ወሩ 20 ሲል ኪሳችን ባዶ ነው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ከዘመድ እንበደራለን። የምናባክነው ነገር የለም። ችግሩ የት ላይ ነው?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከቢሾፍቱ*

መልስ፦ የላኩልን ዝርዝር ላይ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ መብራትና ውሃ፣ እድርና እቁብ አለ። የሌለው በወር የማይመጣው ወጪ ነው። እሱን በዓመት እንደምረው፦ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም 24,000፤ እንቁጣጣሽና መስቀል 12,000፤ ገና 7,000፤ ፋሲካ 14,000፤ በርበሬና ሽሮ ማስፈጫውን ጨምሮ 15,000፤ ሕክምናና የቤት ጥገና (ቧንቧ፣ የውሃ ታንከር፣ ጣሪያ) 12,000። ድምሩ 84,000 ብር፣ ለ12 ሲካፈል በወር 7,000 ነው። እናንተ ይህን 7,000 ብር እንደ ትርፍ አይታችሁት በየወሩ ትበሉታላችሁ፤ ወጪው ሲመጣ ግን የለም።

ስለዚህ ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳይነካ፣ 7,000 ብሩ ካርድ ወደሌለው ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ይሂድ። የብድሩ 9,200 ሲነሣ 17,800 ይቀራል። ከዚህ ትራንስፖርት 3,000፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,600፣ እድር 200፣ እቁብ 2,000 ቢወጣ 11,000 ይተርፋል። ጤፍ በኩንታል የምትገዙ ከሆነ 4,000ውን ለሱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለቀሪው አስቤዛ 7,000 ብር አላችሁ ማለት ነው። በወር አራት ሳምንት እያላችሁ ለአራት አታካፍሉት፤ በዓመት 52 ሳምንት ስላለ የሚካፈለው ለ4.33 ነው፣ በሳምንት 1,600 ብር ገደማ። በየቅዳሜው ይህን ብቻ በጥሬ ገንዘብ አውጡ። በ20ኛው ቀን የሚያልቅ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ነው።

የመስከረሙ ጉዳይ ሌላ ነው። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበላችሁት ለ35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ለ36 ቀን መብቃት አለበት። በዚያው መሐል እንቁጣጣሽና የልጆች ምዝገባ ይገባሉ። ለእነዚያ ቀናት ብቻ አንድ ተጨማሪ የአስቤዛ ሳምንት፣ ማለትም 1,600 ብር፣ ከግንቦት ጀምሮ በወር 400 ብር እያላችሁ ያዙ። ነሐሴ ሲያልቅ ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ውላችሁ ላይ አረጋግጡ፤ ክፍያው የሚቆረጠው በየትኛው አቆጣጠር ነው? በፈረንጅ ወር 5ኛው ቀን የሚል ከሆነ በእኛ በ24 እና በ30 መካከል ይወድቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ የመዘግየት ቅጣት ይታሰባል። የመክፈያ ቀኑ ከደመወዝ በኋላ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ካልተቻለ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ አንድ ጊዜ አስቀድማችሁ ሒሳቡ ውስጥ አስቀምጡና ከዚያ በኋላ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ከስምንት ዶሮዎቼ በወር 500 ብር ያህል ይተርፈኛል። ብድሩ ላይ ልጨምር ወይስ ዶሮ ልጨምርበት? ቀሪ ዕዳዬ 400,000 ብር ነው፣ ወለዱ 9.5 በመቶ፣ የቀረኝ 15 ዓመት።
*ጡረተኛ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ በሰጡን ቁጥር ወርሃዊ ክፍያዎ ወደ 4,177 ብር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ወር 3,167 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,010 ብር ብቻ። 500 ብር ሲጨምሩ ታዲያ በዚያ ወር ዋናው ዕዳ የሚቀንስበት መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠሉ ብድሩ በ180 ወር ፈንታ በ144ኛው ወር ያልቃል፤ ሦስት ዓመት ያተርፋሉ፣ የማይከፍሉት ወለድም ወደ 81,000 ብር ይደርሳል።

ይህ የሚሠራው ግን ትርፍ ገንዘቡ ከዋናው ዕዳ ላይ ሲቀነስ ነው። ዝም ብለው ሒሳብዎ ውስጥ ቢጨምሩ የሚቀጥለው ወር ክፍያ ቅድሚያ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፣ ያኔ የሚጠቅምዎ ነገር የለም። ለባንኩ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ አስቀድሞ መክፈል ክፍያ ያስከትላል ወይ? ትርፉ ከዋናው ዕዳ እንዲነሣ ማመልከቻ ያስፈልጋል ወይ? ከተቀነሰ በኋላ የሚያጥረው ዘመኑ ነው ወይስ የሚቀንሰው ወርሃዊ ክፍያው? ዘመኑ እንዲያጥር ይምረጡ። በየስድስት ወሩም የቀሪ ዕዳ መግለጫ አስወጥተው ከራስዎ ደብተር ጋር ያስተያዩ።

ከዚያ በፊት ግን ሦስት ወርሃዊ ክፍያ የሚሆን፣ 12,500 ብር ገደማ፣ በእጅዎ ይኑር። ለብድሩ የተከፈለን ገንዘብ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ዶሮ መጨመሩን በተመለከተ፣ ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ለመሄድ ቤቱ የሚችል ከሆነ ክፉ አይደለም። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ዶሮ አይበልጥ። ለአምስት ዶሮ 30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ የእንቁላል መጣያ ሳጥን፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ቆጥ ያስፈልጋል። ተጨናንቀው የገቡ ዶሮዎች ላባ ይነቃቀላሉ፣ እንቁላል ይበላሉ። ለማንኛውም የእንቁላልን ገንዘብ ለወርሃዊው ክፍያ አይመኩበት፤ ለወርሃዊው ክፍያ ደመወዝ ወይም ጡረታ፣ ለትርፉ ክፍያ ዶሮ ይሁን።

ጥያቄ፦ አሥር ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ፣ 11 ወራቸው ነው። መኖ ሲወደድብኝ በ50 ኪሎ የእንቁላል ጣይ መኖ ላይ 25 ኪሎ ፉርሽካ መቀላቀል ጀመርኩ። በቀን ስምንት ይጥሉ የነበሩት አሁን አምስት ስድስት ሆነዋል፣ ቅርፊቱም በእጅ ሲነካ ይሰነጠቃል። በሽታ ነው?
*ከሐዋሳ*

መልስ፦ ያደረጉት ቅልቅል ብቻውን ይህን ሊያደርግ ይበቃል።

የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። የእርስዎ 3.8 ነበር ብንል፣ ከሁለት እጅ መኖ ጋር አንድ እጅ ፉርሽካ ሲገባ ወደ 2.6 በመቶ ይወርዳል። ዶሮዋ በቀን 120 ግራም ስለምትበላ ቀድሞ ታገኝ የነበረው 4.6 ግራም ካልሲየም አሁን 3.1 ሆኗል። አንድ ቅርፊት ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ይፈልጋል፣ ከምትበላው ደግሞ ሰውነቷ የሚወስደው ግማሹን ያህል ነው። ጉድለቱን መጀመሪያ ከአጥንቷ ታወጣለች፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ መጣሉን ታቆማለች፣ ከባሰ እግሯ አይሸከማትም። የፉርሽካ ፕሮቲን መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን አሠሩ ብዙ፣ ጉልበት የመስጠት አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ዶሮዋ ሆዷ ሞልቶ ይርባታል።

ያተረፉትን ያስሉት። ፉርሽካው ከመኖው በኪሎ 30 ብር ቢረክስ በ25 ኪሎ 750 ብር ቆጥበዋል። 75 ኪሎው ለአሥር ዶሮ ለሁለት ወር ይበቃል። በነዚህ ሁለት ወራት ከቀን ስምንት ወደ አምስት ተኩል ሲወርዱ 150 እንቁላል አጥተዋል፤ አንዱን በ18 ብር ብናስብ 2,700 ብር።

የሚደረገው ይህ ነው። ዛሬውኑ ወደ ሙሉው መኖ ይመለሱ። በተለየ ሣህን ለመኖ ተብሎ የሚሸጥ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያኑሩላቸው፤ የጎደላት ራሷ መርጣ ትበላለች። ለግንባታ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። የእንቁላል ቅርፊትም ይሠራል፤ ቀቅለው ወይም ምጣድ ላይ አድርቀው እንደ ጨው ካደቀቁት በኋላ። ቅርፊት መሆኑ እየታወቀ ከተሰጣቸው ግን የራሳቸውን እንቁላል ወግቶ መብላት ይለምዳሉ። ለውጡ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይታያል።

በሦስት ሳምንት ካልተሻሻለ ሌላውን ይፈትሹ። አንደኛ ውሃ፦ አሥር ዶሮ በቀን እስከ 3 ሊትር ይጠጣል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ቀን ሙሉ ባዶ የውሃ መጠጫ ያየች ዶሮ ለሳምንት ትቀንሳለች። ሃያ ሊትር ጀሪካን ለነሱ ብቻ ይሙሉ። ሁለተኛ ብርሃን፦ ጣይ ዶሮ ከ14 ሰዓት ያላነሰ ትፈልጋለች፣ የእኛ ቀን ደግሞ 12 ነው። 7 ዋት አምፖል ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ቢበራ ይሞላል። በምሽት ከማብራት የሌሊቱ ይሻላል፤ ማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል። ሦስተኛ፣ የማትጥለዋን መለየት። ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ አንድ በአንድ አንስተው ከእንቁላል መውጫው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን የዳሌ አጥንቶች ይዳስሱ። በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ፣ መውጫውም ሰፊና እርጥብ ከሆነ ትጥላለች። አንድ ጣት ብቻ ካስገባና ደረቅ ከሆነ አትጥልም፤ ክር እግሯ ላይ ያስሩና ከአሥር ቀን በኋላ ይድገሙት። ያኔም እንደዚያው ከሆነች በቀን 120 ግራም በነጻ እየበላች ነው።

መኖ መቆጠብ ከፈለጉ ከገንዳው ይጀምሩ። ጠርዙ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ ይበል፣ ከግማሽ በላይ አይሞላ፣ ማታ ይከደን። እስከ አፉ የተሞላ ገንዳ መኖውን ለጉዝጓዙና ለአይጥ ያካፍላል።

ጥያቄ፦ አንድ እንቁላል በትክክል ስንት እንደሚያስወጣኝ እንዴት ላውቅ? ልጆቼ የሚበሉትንስ ልቁጠረው?
*ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ለአሥር ዶሮ በወር 36 ኪሎ መኖ ይሄዳል። በወር 240 እንቁላል ከተገኘ ለአንዱ 150 ግራም መኖ፣ 180 ከሆነ 200 ግራም፣ 150 ከሆነ 240 ግራም ወጣበት። መኖ በኪሎ 60 ብር ቢሆን 9፣ 12 እና 14.40 ብር ነው። ከጠቅላላው ወጪ መኖው 70 በመቶ ያህል ስለሆነ ያገኙትን ለ0.7 ያካፍሉት፤ 9 ብሩ 13 ብር፣ 14.40 ብሩ 20.60 ይሆናል። ክትባቱ፣ ሰጋቱራው፣ መብራቱና የቄቧ ዋጋ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። እንቁላል በሰፈርዎ 18 ብር ከሆነ በመጀመሪያው ያተርፋሉ፣ በመጨረሻው ይከስራሉ። መቼ ዶሮ መቀየር እንዳለብዎ የሚነግርዎ ይኸው ቁጥር ነው።

ልጆችዎ የሚበሉትን በሱቅ ዋጋ ይመዝግቡ፤ ከአስቤዛ የተቀነሰ ወጪ ስለሆነ ገቢ ነው። ነገር ግን ዶሮ ባይኖር በወር ሠላሳ ብቻ የሚገዛ ቤት፣ ዶሮ ስላለ መቶ ከበላ፣ ገቢው ሠላሳው ነው።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ ሲገባ እንቁላሌ ይከማቻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ያረጁትን ስድስት ዶሮዎች ለፋሲካ ላቆያቸው አስቤያለሁ፤ ያዋጣል?
*ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ያረጁትን ለቅበላ ወይም ለገና ይሽጡ። አንዷን ዶሮ 55ቱን ቀን ለማቆየት 6.6 ኪሎ መኖ፣ በ60 ብር ሒሳብ ወደ 400 ብር ይወጣል። የፋሲካ ዋጋ ከቅበላው በ400 ብር ካልበለጠ የያዙት በከንቱ ነው። በዚያ ላይ ጥቂት ቢጥሉም የሚጥሉት ገዢ በሌለበት ጊዜ ነው።

ጥሩ ለሚጥሉት መኖ አይቀንሱ። በጾም የተራበች ዶሮ ለፋሲካ አትመለስልዎም፤ ላባ መቀየር ከጀመረች ሁለት ሦስት ወር ታርፋለች። የሚሸጡበትን ቦታ ይቀይሩ፦ ቁርስ ቤቶች፣ ኬክ ቤቶች፣ ሙስሊም ጎረቤቶች፣ ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት እንቁላል ሳያጥቡ፣ ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ውስጥ ያቆዩ፤ በደብረ ብርሃን አየር ለፋሲካ ገበያ በደህና ይደርሳል። የታጠበ እንቁላል ግን በተፈጥሮ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ስለሚነሣ ቶሎ ይበላሻል።

ለከርሞ አዲስ ቄብ የሚገዙ ከሆነ የሦስት ወር ልጅ የሆኑትን በጥር መጀመሪያ ያስገቡ። በ20 ሳምንታቸው፣ ማለትም በየካቲት መጨረሻ ገደማ፣ መጣል ይጀምራሉ፤ ዋናው ምርት የሚመጣው በፋሲካ ሰሞንና ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በወር 2,000 ብር የ20 ሰው እቁብ አለኝ። ትቼው ገንዘቡን በቀጥታ ብድር ላይ ባደርገው አይሻልም?
*ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት*

መልስ፦ እጣዎ መቼ እንደሚወጣ ይወስነዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወጣልዎ 40,000 ብሩ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ነው። በ9.5 በመቶ ዕዳ ላይ ዋናው እንዲቀነስ ቢያደርጉት በዓመት 3,800 ብር ወለድ ያስቀርልዎታል። መጨረሻ ላይ ከወጣ ደግሞ ለሌሎች ያለ ወለድ ያበደሩት እርስዎ ነዎት። የያዙትን ይጨርሱ፤ ቀጣዩን ሲገቡ በስምምነት ቀድሞ መውሰድ የሚቻልበትን ይምረጡ። እቁብ ካልገባ ገንዘቡ እጁ ላይ ለማይቆይ ሰው ግን ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም፤ እቁቡ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳ ላይ አራት ዶሮ ይሆናል?
*ከጀሞ*

መልስ፦ አይሆንም። የኩሱ ሽታና ላባው ታችኛው በረንዳ ይወርዳል፣ የሕንፃው ማኅበርም ደንቡን ይዞ ይመጣል። ጓሮ ያለው ዘመድ ካለ በርቢ ይስጡ፦ ቄቡንና መኖውን እርስዎ ይግዙ፣ እሱ ይጠብቅ፣ እንቁላሉ እኩል። ዶሮ ስትሞት ኪሳራው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጠብ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የ30 ዓመት ሞርጌጅ እየከፈልን ነው፣ በጓሮ ስድስት ዶሮ አለን። እንቁላሉ ወጪያችንን ምን ያህል ይቀንሳል?
*ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ*

መልስ፦ ጥቂት። ስድስት ዶሮ በቀን ፓውንድ ተኩል መኖ ይበላል፤ 50 ፓውንዱ ከረጢት 33 ቀን ይሄዳል። በሳምንት 30 እንቁላል ቢገኝ በወር ወደ 11 ደርዘን ነው። ከረጢቱ 20 ዶላር፣ ጉዝጓዙ በወር 5፣ የ600 ዶላር የዶሮ ቤት ለአምስት ዓመት ሲካፈል 10 ዶላር ቢሆን፣ ደርዘኑ 3 ዶላር ገደማ ይወድቃል። በክረምት ቀኑ ስለሚያጥር ምርቱ ይቀንሳል፣ ወጪው ግን እንዳለ ነው። የማሞቂያ አምፖል አትስቀሉ፤ ገለባ ላይ ወድቆ ያቃጥላል። ነፋስ የማይገባው፣ ከላይ አየር የሚያስወጣ ደረቅ ቤት ይበቃቸዋል። የሚያስፈልገው ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ማሞቂያ ነው።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ስለ ብድሩ በሚመጡላችሁ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው። ፒኤምአይ (ተበዳሪው ባይከፍል አበዳሪውን የሚጠብቅ የብድር ኢንሹራንስ) የምትከፍሉ ከሆነ ዕዳችሁ ቤቱ ሲገዛ ከነበረው ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲነሣ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዝም ካላችሁ የሚነሣው በክፍያ ሰሌዳው መሠረት 78 ሲደርስ ነው። በየዓመቱ የሚመጣውን የኤስክሮ (ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ለንብረት ግብርና ለኢንሹራንስ የሚያዝ ገንዘብ) ስሌትም አንብቡ፤ ወርሃዊው ክፍያ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ በንብረት ግብርና በኢንሹራንስ ምክንያት ነው፤ ኢንሹራንሱን ደግሞ ሌላ ቦታ ዋጋ ጠይቆ ማወዳደር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለበዓል የገዛነውን አውራ ዶሮ ሁለት ሌሊት ከጣዮቹ ጋር አሳደርነው። በሳምንቱ ሰባት ዶሮ ሞተብን፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸው ነበር፣ የአንዷ አንገት ተጣሞ ነበር። ምን ነበር?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ምልክቱ የፈንግል ነው። ለማረጋገጥ የሞተ ወይም የታመመ ካለ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። በበዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች ገበያ ላይ ስለሚቀላቀሉ ጤነኛ የሚመስልም ተሸክሞት ሊገባ ይችላል። የበዓል ዶሮ ከጣዮቹ ርቆ ይታሰር፣ የሚመግበውም ጣዮቹን ከመገበ በኋላ ይሁን። ላባውና ሆድ ዕቃው ይቀበር። ለማርባት የሚገዛ ከሆነ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ።

ለሕክምናው መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ጠርሙሱ ብዙ ዶሮ ስለሚከትብ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ግዙ። ከበረዶ ጋር ይምጣ፣ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድለው የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ፤ ዶሮዎቹም ቶሎ እንዲጠጡት ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ይከልከሉ። አዲስ ዶሮ ከመግባቱ በፊት አሮጌውን ጉዝጓዝ አቃጥሉ፣ ቤቱን በበረኪና እጠቡና ቢያንስ ሦስት ሳምንት ባዶውን ይቆይ።